ማንም ያልደረሰው ለቅሶ

አክስቴ ሞተች የተባለ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ከበር ጀርባ ሆኜ ነው የሰማሁት። አያቴ ከታች ፍራሽ በሚሰፋበት ሱቁ ውስጥ ቆሟል፣ እናቴ ደረጃው ላይ።

«ሞታለች» አላት።

«አባዬ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሞታለች ብያለሁ። ባዕድ ወሰዳት።»

ባዕድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የጎረቤታችንን የጫማ ሰፊውን ሚስት ሳንባ ምች ወሰዳት ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ባዕድም እንደዚያ በድንገት ይዞ የሚገድል በሽታ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር ግንባሬን እየዳሰስኩ፣ ይሄ ነገር ባዕድ ይሆን እንዴ እያልኩ እፈራ ነበር።

አባቴ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ፣ እናቴና እኔ የምንኖረው ከአያቴ ጋር ነበር። ከታች ፍራሽ ቤቱ ነው፤ ከላይ ሁለት ክፍል አለ። በአንዱ አያቴ ይተኛል፣ በሌላው እናቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴና እኔ። እኔ ከአክስቴ ጋር ነበር የምተኛው። ቀን ጥጥ ክምር ላይ ስዘል ውዬ ጸጉሬ ሽበት መስሎ ስመጣ፣ ጭኗ መሀል አስቀምጣ ብናኙን አንድ በአንድ እየለቀመች «ጥጤ» ትለኛለች። በዚህ ስም ከእሷ በቀር የጠራኝ ሰው የለም።

የእኛ የአይሁዶቹ ምኩራብ ትንሽ ነበር፤ የአንዱ ቤት ጉዳይ የሁሉም ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር የሙሽሮቹን ፍራሽ የሚሰፋው አያቴ ነው። ልጅ ሲወለድ ደግሞ የሕፃኑን ትንሽ ፍራሽ ሰፍቶ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ራሱ ይወስዳል፤ ወንድ ከሆነም በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ከፊት ይቆማል። ሰው ሲሞት ከየቤቱ ወንበር ይሰበሰባል። ዳቦ ጋጋሪዋ ትልቅ ድስት ታቅፋ የማትደርስበት ደስታም ሐዘንም ስላልነበረ፣ ስሟ ተረስቶ «ባለ ድስቷ» ትባል ነበር። አንዲት ሴት ማርገዟን ከባሏ ቀድማ ባለ ድስቷ ታውቃለች እየተባለ ይቀለድባታል።

ስለዚህ አያቴ የሸሚዙን አንገት ቀድዶ፣ ጫማውን አውልቆ መሬት ሲቀመጥ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ሐዘንተኛ ሰባት ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ ሰው ነው ወደ እሱ የሚመጣው። አሥር ወንድ ሲሞላ ጸሎት ይደረሳል፤ ካልሞላ ለሞተ ሰው የሚባለው ጸሎት አይባልም። አያቴ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ አስደረደረኝ። እናቴ መስታወቱን በአንሶላ ሸፈነች፤ ስትሸፍን ግን ፊቷን ከአያቴ አዙራ ነበር። ከዚያ መጥታ እሷም ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። አክስቴ የተቀበረችው የት ነው ብዬ ብጠይቃት «ዝም በይ፣ አትጠይቂ» አለችኝ። እኔም አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ የሚመጣውን ሰው ልጠብቅ በር ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጣችው እንደ ወትሮዋ ባለ ድስቷ ነበረች። ድስቱን እንዳቀፈች ገባችና አያቴን መሬት ላይ አየችው። ማን ነው የሞተው ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ የሆነ ነገር አለቻት። ሴትዮዋ አያቴን ትክ ብላ አየችው፤ እሱ ቀና አላለም። ዞራ ወጣች። ድስቱም አብሯት ወጣ።

ድስት ከለቅሶ ቤት ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር። ምግቡን ሳስታብን መሰለኝ። ፊቴን ሲያቃጥለኝ ይሰማኛል፤ ወደ ውስጥ ገብቼ ወንበሮቹን እንደገና አስተካከልኩ፤ ሰው ያልገባው ወንበሮቹ ስለተንጋደዱ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። በቤታችን ፊት ለፊት የሚያልፉት የምኩራቡ ሰዎች እርምጃቸውን ያፈጥናሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አያቴ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ እኔ መሆኔን ሲያይ ይደፋል። የጫማ ሰፊው ሚስት የሞተች ጊዜ ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ እንደነበር አስታወስኩ። እኛ ምን ቢያንሰን ነው? አክስቴ ምን አድርጋ ነው? እንዲህ እያልኩ ሳስብ ቆይቼ፣ ለእናቴ ሳልነግር ወጥቼ ወደ ምኩራቡ ሄድኩ።

የምኩራቡ አለቃ ረቢው መጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተንበርክከው የተሰበረ የአግዳሚ እግር በሚስማር ይመታሉ። ሚስማሮቹን በከንፈራቸው ይዘው ስለነበር መጀመሪያ ሲያናግሩኝ ድምፃቸው ያስቅ ነበር። አያቴ አሥር ወንድ እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ሚስማሮቹን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉ።

«አያትሽ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። ራሴ ነኝ።»

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደረደሩ። ከዚያ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ሠርጓ አልሄድኩም፤ ለቅሶዋም አልደርስም። ሌሎቹም እንዲሁ። አያትሽ በእውነት የቸገረው ቀን ግን ሳይጠራን እንመጣለን።»

እጄን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። እኔ ግን የሰማሁት «ለቅሶዋም አልደርስም» የምትለዋን ብቻ ነበር። ሠርግ የሚለውን ቃል ጆሮዬ ዘሎታል። እኚህን ሰው እስካድግ ድረስ ጠላኋቸው፤ ሰላም ሲሉኝ ጫማዬን አያለሁ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ አክስቴ ያገባችው ጥጥ የሚያፍታታውን ማሽናችንን ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የእኛ ሃይማኖት ሰው አልነበረም። ረቢው ጋብቻውን አልባረኩም፤ ደስ ያለውም ሰው በምኩራቡ አልነበረም። ነገር ግን በእግሯ ቆማ ለምትሄድ ሴት ለቅሶ ለመቀመጥ እሺ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ከአባቷና ከእህቷ በቀር።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ሐዘንተኛ ተነሥቶ በሰፈሩ ዞር ዞር ይላል፤ ወደ ሰው መመለሱ ነው። ሌላ ጊዜ ጎረቤት ግራና ቀኝ ሆኖ ያጅበዋል። አያቴ ግን ብቻውን ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላው ሆነን ወጣን። የተቀደደው አንገቱ ተገልጦ ነጩ ደረቱ ይታያል። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ባለ ድስቷ ጀርባዋን ሰጥታ ባዶ መጋገሪያ ትጠርግ ነበር። ጫማ ሰፊው ጫማው ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። አያቴ እጁን ለሰላምታ ያነሣና የሚቀበለው ሲያጣ መልሶ ጺሙን ያክበታል። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሄደው፤ ካላየሁ የሚያየኝ የለም ብዬ።

ክረምቱ እንዳለፈ እናቴ ሽንኩርት ግዢ ብላ ገበያ ላከችኝ። ገዝቼ ስመለስ ከድንች ሻጮቹ መሀል አንድ ድምፅ «ጥጤ!» አለኝ። ዞር ስል አክስቴ ነበረች። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ ሆዷ ተነፍቷል። ፈገግ ብላ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች።

ሽንኩርቱን በትኜ ሮጥኩ። ከኋላዬ ደጋግማ ጠራችኝ፤ በጠራችኝ ቁጥር የበለጠ ሮጥኩ። የሞተ ሰው ሆድ ይነፋል ሲባል ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ። ቤት ስደርስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ወደቅሁ አልኩ። እናቴ ዝናብ ከጣለ ወር እንዳለፈው ብታውቅም ምንም ሳትጠይቅ ልብሴን ቀየረችልኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሬሳ አየሁ ብዬ አይደለም፤ ሽንቴ አመለጠኝ ማለት አፍሬ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባለ ድስቷ ፍራሽ ቤቱ መጣች። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ከአያቴ ጋር ሰላምታ እንጂ ሌላ ንግግር አልነበራቸውም። በሩ ላይ እንደቆመች የሕፃን ፍራሽ እፈልጋለሁ አለችው። አያቴ እንዲህ ሲባል ሁልጊዜ «ማን ወለደች?» ብሎ ይጠይቃል። አሁንም አፉን ከፈተ።

«ሴት ልጅ ናት» አለች ቶሎ ብላ። «እናትየዋም ደኅና ናት፤ ሕፃኗም ደኅና ናት።»

አያቴ አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ወደ ጥጡ ዞሮ ከላይ ያለውን ገፋ አድርጎ፣ ከሥር ያለውን ነጩን ማውጣት ጀመረ። ለወትሮው ለሕፃን ፍራሽ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ያንን ግን ደጋግሞ ተረተረው፤ እየተረተረም መልሶ ሰፋው። ረጅሙን መርፌ ባስገባ ቁጥር በመዳፉ ዳብሶ ጉብታ ይፈልጋል። እኔን ጥጡ ውስጥ የቀረውን ፍሬ አስለቀመኝ፤ ያለፈችኝ አንዲት ፍሬ ባገኘ ጊዜም ጣቴን መታኝ።

ፍራሹ ሲያልቅ ትከሻው ላይ አድርጎ እስኪወስደው ጠበቅሁ። አልወሰደውም። ጠረጴዛው ላይ አጥፎ አስቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ባለ ድስቷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲሉ አያቸውና ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሴቶቹ ገቡ፤ ማንንም አልጠሩም፤ ፍራሹን አንሥተው ወጡ።

እኔ ከጥጡ ክምር ኋላ ሆኜ ሁሉንም አይቻለሁ። ድስቱን ይዛ የተመለሰችብን ሴት አሁን ደግሞ የአያቴን ፍራሽ ሰረቀች! እየሮጥኩ መንገድ ላይ ወጥቼ «ሌባ! ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንደያዘ ወጣ፤ ከየሱቁ ሰው ተሰበሰበ። ባለ ድስቷ ፍራሹን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

አያቴ በጓሮ ዞሮ መጣ። እጄን ቀስሬ «ፍራሹን ወሰዱት» አልኩት። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እሱ ፍራሹን አየው፤ ሴትዮዋን ግን አላያትም።

«የምን ፍራሽ?» አለ። «ከቤቴ የጠፋ ነገር የለም።»

ከዚያ ጆሮዬን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ውሸታም ናት ያለኝ መስሎኝ ለመሞት ተመኘሁ። ይህቺን «የምን ፍራሽ» የምትለዋን ቃል ለብዙ ዓመት ሳገላብጣት ኖሬአለሁ። ልቤ የተረጋጋ ቀን፣ ለልጁ ልጅ ስጦታ የላከበት መንገድ ነበር እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «አዎ፣ ለልጄ ነው» ለማለት ወኔ ያጣ ፈሪ ሽማግሌ ነበር እላለሁ። የልጁን ቤት አንድም ቀን አልረገጠም።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ በዚያው ሰሞን ነው። አክስትሽ አልሞተችም፣ ወልዳለች፣ አለችኝ። ታዲያ ለምን ለቅሶ ተቀመጣችሁ ብዬ ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ። አንቺ ሕፃን ስለሆንሽ አይገባሽም ካለች በኋላ፣ አገጬን ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ይህንን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእሷ ደግሞ መቼም፣ መቼም» አለችኝ። እኔ በሕይወት መኖሯ እንጂ ሌላው አልታየኝም። ገበያ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ትዝ ሲለኝ ግን ደስታዬ ወደ እፍረት ተለወጠ።

አያቴ የሞተው እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። መርፌውን እንደያዘ በስፌቱ ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ከመቃብር ስንመለስ ቤታችን ሞልቶ ነበር፤ ረቢው እንዳሉትም የጠራቸው አልነበረም። ወንበር ጠፍቶ ሰው የተሰፉ ፍራሾች ላይ ተቀመጠ። ባለ ድስቷ አርጅታ ድስቱን የሚይዝላት የልጅ ልጅ ነበራት። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከአጠገቧ። ሐዘንተኛ ካልተናገረ የመጣ ሰው አይናገርም፤ ስለዚህ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

በዚህ መሀል አክስቴ ገባች። ባሏ ልጃቸውን ይዞ ከውጭ ቆሟል። በሩ ላይ ቆማ ዙሪያዋን ተመለከተች። መቀመጥ ይገባት እንደሆነ፣ የት እንደምትቀመጥ የምታውቅ አትመስልም ነበር። ሰው ሁሉ እናቴን አየ። እናቴ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ያኔ ረቢው ከወንበራቸው ተነሡ። እናቴን አልፈው አክስቴ ዘንድ ሄዱና ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ አምላክ ያጽናሽ። ቦታሽ እዚያ ነው» አሏት፤ ከእናቴ ጎን ያለውን ወለል እያሳዩ። እኔ ተነሥቼ ለቀቅሁላት።

ሰባቱንም ቀን ተቀመጠች። ለመጣው ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር። «አባቴ በአፉ ጨክኖብኝ ነበር። በልቡ ግን አልጨከነም። ልጄ ስትወለድ ፍራሽ ልኮልኛል።» ይህን ባለች ቁጥር ባለ ድስቷ፣ «በገዛ እጁ ነው የሰፋው» ትላለች። ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቴ ግን አክስቴ አፏን በከፈተች ቁጥር እጄን ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። ሐዘን የጎዳት መስሎኝ በሁለት እጄ አሻሽላት ነበር።

ፍርሃት ነበር። እዚያ ቤት የገባው ሰው ሁሉ ያንን ባዶ ለቅሶ ያውቃል፤ አንዱ አፉን አዳልጦት ቢናገር አክስቴ ትሰማለች። ማንንም አላዳለጠውም። ከዚያም ወዲህ ልጇ ስትዳር፣ ባሏ ሲታመም፣ ያ ሁሉ ሰው ድስቱንና ወንበሩን ይዞ እየተመላለሰ፣ አንድም ሰው አልነገራትም። የሚያውቁት ሽማግሎች ምስጢሩን ይዘው አንድ በአንድ ወደ መቃብር ወረዱ። በመጨረሻ የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን።

እናቴ አሁን እግሯ አልታዘዝ ብሏት እኔ ጋ ናት። አክስቴ በየሳምንቱ እየመጣች ጸጉሯን ታጥብላታለች፤ እናቴ ከእሷ እጅ በቀር አይመቻትም። ባለፈው ወር ወጥ ቤት ውስጥ ውኃው እስኪሞቅ ፎጣ እያጣጠፍን ነበር። አክስቴ ሳቅ እያለች፣ ሁልጊዜ ልጠይቅሽ አስብና እተወዋለሁ፣ አለችኝ።

«ያን ቀን ገበያ ውስጥ ምን ብለውሽ ነው የሸሸሽኝ? እርጉዝ ሆኜ እየጠራሁሽ። ስለ እኔ ምን ክፉ ነገር ነግረዋት ነው እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ መሰለሽ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክማው ኖራ ኖሯል። ላሳርፋት ቸኮልኩ።

«ማንም ክፉ አልነገረኝም» አልኳት። «የሞትሽ መስሎኝ ነው እንጂ። ለቅሶሽን ተቀምጠን ስለነበር…»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አክስቴ ፎጣውን ማጠፍ አቆመች። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር።

«የእኔን ለቅሶ?» አለች። «ማን ተቀመጠ?»

«አያቴ።»

«ሰው መጣ?»

«ማንም አልመጣም» አልኩ እየተርበተበትኩ። «አንድም ሰው። ረቢው እምቢ አሉ። ባለ ድስቷ እንኳ ድስቷን ይዛ ተመለሰች።»

ረጋ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እናትሽስ?» አለችኝ።

ከጓዳው እናቴ፣ «ኧረ ሴቶች፣ ብርድ መታኝ እኮ» ስትል ተሰማች። አክስቴ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። አልነበረችም ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴም ነገራት።

ጆጎውን አነሣች። የፈላውን ከቀዝቃዛው ቀላቅላ እጇ ላይ ጠብ አድርጋ ለካችና ወደ ጓዳው ገባች። ከበሩ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። የእናቴን ራስ በግራ እጇ ደግፋ ወደ ሳፋው አጎነበሰቻት፤ ውኃውን አፈሰሰችላት፤ ሳሙናውን አስይዛ ማሸት ጀመረች።

«ዛሬ እጅሽ ከበደኝ» አለች እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለች አክስቴ፤ እጇንም አቀለለችላት።

ጸጉሯ የሚደርቅበት ፎጣ እኔ እጅ ላይ ነበር። ይዤ መግባት አፍሬ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።